ከማኅበራዊ ሚዲያ መነቃቃትና ራስን ማሻሻል፦ ጅማ ላይ ተደጋግመው የሚጠየቁ ጥያቄዎች

ጅማ መርካቶ አካባቢ ስልክ እጠግናለሁ። ስልኩን ሊያሠራ የመጣ ሰው ስክሪኑ እስኪቀየርለት በርጩማ ላይ ቁጭ ብሎ ያወራል፤ ወሬው ደግሞ ሳይታሰብ ከስልኩ ወደ ኑሮው ይዞራል። «ይሄ ነገር ጊዜዬን በላው»፣ «ቲክቶክ ላይ አንዱን አይቼ ሥራ ልጀምር አሰብኩ»፣ «ልጄን ስልክ አበላሸብኝ»። ከታች ያሉት ጥያቄዎች እዚያ በርጩማ ላይ የተነሱ ናቸው። መልሶቹ የእኔ ናቸው፤ የማይስማማ ካለ ቡና እየጠጣን እንከራከራለን።

ማኅበራዊ ሚዲያ እውነት ሰውን ይለውጣል ወይስ ጊዜ መግደያ ነው?

ሁለቱም ነው። ልዩነቱ በምታዩት ነገር ዓይነት ላይ ነው። እኔ ስልክ ላይ የሚታየውን ሁሉ ለሁለት እከፍለዋለሁ፦ «ትችላለህ!» የሚለውና «እንዲህ ነው የሚሠራው» የሚለው። የመጀመሪያው ስሜት ይሰጣል፣ ሁለተኛው ሙያ ይሰጣል። ሱቄ ከሚመጡት ሰዎች መሀል በስልክ ምክንያት ኑሮው ፈቀቅ ያለለትን ሳይ፣ ሁልጊዜ ማለት ይቻላል የሁለተኛው ተመልካች ሆኖ አገኘዋለሁ። ፀጉር አስተካካዩ አዲስ ቁርጥ፣ ልብስ ሰፊዋ የአንገት አወጣጥ፣ የባጃጅ ሹፌሩ የሞተር ድምፅ መለየት ከዚያ ተምረዋል። እኔም የማዘርቦርድ ጥገናን በአብዛኛው የተማርኩት ዩቲዩብ ላይ ካሉ ህንዳውያን ጠጋኞች ነው። ቋንቋቸውን አልሰማም፤ እጃቸውን ግን አያለሁ፣ የብየዳ ብረቱን የት እንዳሳረፉት አያለሁ፣ ያ ይበቃኛል።

አነቃቂ ንግግር ስሰማ ደሜ ይሞቃል፤ በማግስቱ ግን ምንም የለም። ችግሩ እኔ ጋ ነው?

እናንተ ጋ ብቻ አይደለም። ጅማ ውስጥ የምርቃናን ነገር የማያውቅ የለም። ከቀኑ ዘጠኝ ሰዓት ላይ ፎቅ ይሠራል፣ መኪና ይገዛል፣ ቡና ኤክስፖርት ይደረጋል፤ ማታ ሁለት ሰዓት ላይ ያው ሰው ለባጃጅ ሃያ ብር አበድሩኝ ይላል። አነቃቂ ቪዲዮ የሚሰጠው ስሜትም ከዚህ ብዙ አይርቅም። ዕቅዱ ራሱ ስለሚጣፍጥ ሥራው የተሠራ ያህል እንረካለን፣ ከረካን በኋላ ደግሞ ለመነሳት ምክንያት አይኖረንም። በዚያ ላይ ቪዲዮው የተቀናበረው እንዲያረካ ነው፦ ሙዚቃው፣ የተናጋሪው ድምፅ፣ መሀል ላይ የሚገባው የአንበሳ ምስል። አንበሳው ለምን እንደሚገባ እስካሁን አልገባኝም።

የሚሻለው ስሜቱ ሳይበርድ፣ በዚያው ቀን፣ ገንዘብ የማይጠይቅ አንዲት ትንሽ ነገር ማድረግ ነው። ያያችሁት ስለ ንግድ ከሆነ ሐሙስ ገበያ ወርዳችሁ የአንድ ዕቃ ዋጋ ከሦስት ሻጭ ጠይቁ፤ ሻጮቹ ከየት እንደሚያመጡትም ጠይቁ። ስለ ንባብ ከሆነ አምስት ገጽ አንብቡ። ስለ እንግሊዝኛ ከሆነ ድምፃችሁን ቀድታችሁ መልሳችሁ ስሙት፤ ያማል፣ ግን ይጠቅማል። ከእነዚህ አንዱንም ለማድረግ ካልፈለጋችሁ ቪዲዮው መዝናኛ ነበር ማለት ነው። መዝናናት ነውር የለውም፤ «ራሴን እያሻሻልኩ ነው» አንበለው እንጂ።

ሌላም አለ። መነሳሳት ሁልጊዜ ከሥራ ቀድሞ የሚመጣ ይመስለናል። እኔ ጠዋት ሱቅ የምከፍተው ተነሳስቼ አይደለም፣ ስለነጋ ነው። ሞቶ የመጣ ስልክ ፈትቼ መብራቱ ብልጭ ሲልልኝ ነው ልቤ የሚነሳው። ስሜቱን እየጠበቁ ስልክ ላይ የሚቆዩ ልጆች ነገሩን ገልብጠው የያዙት ይመስለኛል።

ታዲያ ማንን ልከተል?

እኔ መጀመሪያ የማየው ሰውየው የተበላሸበትን ያሳያል ወይ የሚለውን ነው። ኬክ ጋግራ መሀሉ የወደቀባትን የምታሳይና ለምን እንደወደቀ የምትናገር ሴት፣ ሁልጊዜ ያማረ ኬክ ብቻ ከምታሳየው አሥር እጥፍ ታስተምራለች። ቀጥሎ ቁጥር ይናገራል ወይ? «ዶሮ እርባታ አዋጭ ነው» ማለት ምንም ማለት አይደለም። «ይህን ያህል ጫጩት አስገባሁ፣ ይህን ያህል ሞተብኝ፣ መኖ ይህን ያህል በላብኝ» የሚል ሰው ግን ከመግባታችሁ በፊት ከኪሳችሁ ጋር እንድትማከሩ ያደርጋችኋል።

ገቢው ከየት እንደሆነም ጠይቁ። ስለ ንግድ የሚያስተምር፣ ግን ከማስተማር ሌላ ንግድ የሌለው ሰው እኔን ያጠራጥረኛል። ኪራይ መኪና ላይ ተደግፎ ፎቶ መነሳት ከባድ አይደለም። የተከታይ ብዛት ደግሞ ስለ ሰውየው ዝና እንጂ ስለ ዕውቀቱ ብዙ አይነግራችሁም፤ ኮሜንት ላይ ገብታችሁ ጥያቄ ሲጠየቅ እንዴት እንደሚመልስ ማየት ይሻላል። የሚሳደብ ከሆነ ወይም «ኢንቦክስ ና» ብቻ ከሆነ እለፉት።

ጤናን በተመለከተ ግን እጄን አላስገባም። ስኳር፣ ደም ግፊት፣ ጨጓራ፣ ድብርት የያዘው ሰው ሐኪም ጋ ይሂድ። ነጭ ጋዋን ለብሶ ቲክቶክ ላይ የቆመ ሁሉ ሐኪም አይደለም፤ ሐኪም ቢሆንም እናንተን አልመረመራችሁም።

ሁሉም ነገር የአዲስ አበባ ነው። ጅማ ላለነው ምን አለ?

ቅሬታው ግማሹ እውነት ነው። ካፌው ቦሌ ነው፣ ዋጋው የአዲስ አበባ ነው፣ «ቀላል ሥራ» ተብሎ የሚቀርበው ጅማ ላይ ገዢ የለውም። የቀረው ግማሽ ግን የፍለጋ ጉዳይ ነው።

አንድ የአጋሮ ልጅ ስልኩን ሊያሠራ መጥቶ ኢንስታግራም ላይ የውጭ ቡና ቆዪዎች ከረጢት አሳየኝ። ከረጢቱ ላይ «74110» እና «74112» የሚል ተጽፏል። «ይሄ ምን ኮድ ነው?» አለኝ። አብረን ፈለግን። ለካ የቡና ዝርያ ስም ነው። እ.ኤ.አ. በ1971 የቡና ፍሬ በሽታ ኢትዮጵያ ውስጥ ከታየ በኋላ፣ እዚሁ መልኮ የሚገኘው የጅማ ግብርና ምርምር ማዕከል በሽታውን የሚቋቋሙ ዛፎችን ከደኑ እየፈለገ ሲመርጥ የተገኙ ናቸው። 74 የሚለው የተመረጡበትን ዓመት፣ እ.ኤ.አ. 1974ን ያመለክታል፤ የእናት ዛፎቹ መገኛ ደግሞ ኢሉባቦር፣ መቱ አካባቢ ነው። ልጁ እዚያው ሆኖ ለአባቱ ደወለ። አባትየው «ከግብርና የሰጡን ችግኝ ነዋ፣ እነዚያ አጫጭሮቹ» አሉት። ለንደን ላይ ስሙ በትልቁ የተጻፈው ቡና ጓሯቸው ውስጥ ሊኖር እንደሚችል ያኔ ነው የገባው።

ከዚያ ወዲህ ልጁ የሚከተለው ተለወጠ። ቀይ እሸት ብቻ መልቀም፣ በማድረቂያ አልጋ ላይ ሲሰጣ ሳያወፍሩ ማስጣት፣ በየጊዜው ማገላበጥ፣ እኩለ ቀን ላይና ማታ መሸፈን፣ እርጥበቱ ከ11 እስከ 12 በመቶ ሲደርስ ማንሳት፤ ይህን የሚያሳዩ የኮሎምቢያና የብራዚል ገበሬዎችን ሳይቀር ያያል። ባለፈው የለቀማ ወቅት አባቱን ለምኖ አንዲት አልጋ ለብቻው ተሰጠችው። ሀብታም አልሆነም። ግን ጀንፈል ሲያሸት ምን እንደሚፈልግ ያውቃል፣ ያ ደግሞ ከማንኛውም ንግግር በላይ አንገቱን ቀና አድርጎለታል።

ስለዚህ ምክሬ፦ ያላችሁበትን ነገር ስም ይዛችሁ ፈልጉ። ቡና፣ ማር፣ እንጨት ሥራ። ከአንድ ግንድ የሚፈለፈለው የጅማ በርጩማ ስሙ ከከተማው አልፎ ሀገር ያውቀዋል፤ ሠሪው ግን ፎቶ አንስቶ የሚለጥፈው አልፎ አልፎ ነው። አፋን ኦሮሞ የምትችሉ ደግሞ በቁቤም ፈልጉ፤ ስለ ግብርናና ስለ ከብት የሚሰጠው ትምህርት ለእኛ አካባቢ ቀረብ የሚለው ብዙ ጊዜ በዚያ ቋንቋ ነው።

ያያችሁት ነገር ካልገባችሁም ሰው ቅርብ ነው። ጅማ ዩኒቨርሲቲ በ1992 ዓ.ም. የጤና ሳይንስ ኢንስቲትዩቱና የግብርና ኮሌጁ ተዋሕደው የተመሠረተ ሲሆን፣ ተማሪዎቹን ወደ ማኅበረሰቡ አውጥቶ በማስተማር ይታወቃል። አዲስ አበባ ያለ ሰው ኮሜንት ጽፎ መልስ ሲጠብቅ፣ እናንተ በባጃጅ ሄዳችሁ የምትጠይቁት ሰው ሊኖር ይችላል።

ቲክቶክ የሚያመጣልኝ ቀልድና ጭፈራ ብቻ ነው። እንዴት ላስተካክለው?

ቲክቶክ የሚያመጣላችሁ የምትሉትን ሳይሆን የምታደርጉትን አይቶ ነው። አንድን ቪዲዮ እስከ መጨረሻው ማየት፣ ደግሞ ማየት፣ ሼር ማድረግ፣ ተናዳችሁም ቢሆን ኮሜንት መጻፍ፣ ሁሉም «ይሄን ወዶታል» ተብሎ ይቆጠራል። ስለዚህ የምትጠሉትን ነገር ቆማችሁ አትሳደቡ፤ በፍጥነት እለፉት። ቪዲዮውን ተጭናችሁ ስትይዙ «ኖት ኢንተረስትድ» የሚል ይመጣል፤ እሱን ንኩ። በጣም ከተበላሸ ሴቲንግ ውስጥ፣ ኮንቴንት ፕሪፈረንስ የሚለው ውስጥ ፊዱን እንደ አዲስ የሚያስጀምር አማራጭ አለ። ከዚያ የምትፈልጉትን ነገር ራሳችሁ ፈልጋችሁ አንዳንዶቹን እስከ መጨረሻ እዩ፤ ጥቂት ቀን ውስጥ የሚመጣላችሁ ነገር ይለወጣል።

ፌስቡክ ላይ ሰው መቀየም ሳያስፈልግ ጓደኛነቱን ይዞ «አንፎሎው» ማድረግ ወይም ለ30 ቀን ማሳረፍ ይቻላል። የአጎት ልጅ ፖለቲካ ለሚያስመርራችሁ ይህ ትልቅ ነገር ነው፤ አያውቅም፣ በዓል ላይም በሰላም ትገናኛላችሁ።

ቴሌግራም ላይ ብዙ መጽሐፍና ኮርስ አውርጃለሁ፤ ግን አንዱንም አልጨረስኩም።

ይህን ጥያቄ ከሁሉ በላይ አውቀዋለሁ፤ «ስልኬ ሞላ፣ ተንቀራፈፈ» እየተባለ የሚመጣልኝ ስልክ አብዛኛው ይህ ነው። አንዲት የዩኒቨርሲቲ ተማሪ ያመጣችውን ስከፍት ቴሌግራም ብቻውን የስልኩን ግማሽ ይዞታል። ሥነ ልቦና፣ የጊዜ አጠቃቀም፣ የፎቶሾፕ ኮርስ ከነሙሉ ክፍሉ፣ «በሠላሳ ቀን እንግሊዝኛ»፣ ስለ መዘናጋት ደግሞ ሦስት የተለያዩ መጻሕፍት። ልሰርዘው ስል እጄን ያዘችኝ። «አነበዋለሁ» አለች። መቼ እንደሆነ አልጠየቅኳትም።

ማውረድ በራሱ የመማር ስሜት ይሰጣል፤ ወጥመዱ እዚያ ላይ ነው። እኔ የምለው፦ በአንድ ጊዜ አንድ መጽሐፍ፣ አንድ ኮርስ። ሌላው ደስ ካላችሁ ሊንኩን ብቻ «ሴቭድ ሜሴጅ» ውስጥ አስቀምጡት፤ ቻናሉ የትም አይሄድም። ሴቲንግ፣ ዳታ ኤንድ ስቶሬጅ፣ ስቶሬጅ ዩሴጅ ገብታችሁ ካሹን፣ ማለትም አፑ ስልካችሁ ላይ ያጠራቀመውን ፋይል፣ አጽዱ፤ ፋይሎች ለምን ያህል ጊዜ ስልካችሁ ላይ እንደሚቆዩም እዚያው መወሰን ይቻላል። ካሽ መጽዳቱ ቻቱን አያጠፋም፣ አትፍሩ፤ ፋይሉን ስትፈልጉ መልሳችሁ ታወርዱታላችሁ። አውቶማቲክ ዳውንሎድ የሚለውንም አጥፉት፤ ግሩፕ ውስጥ የተለቀቀ ሁሉ በእናንተ ዳታ እየወረደ ነው።

በነገራችን ላይ፣ ገበያ ላይ ያለ የአማርኛ መጽሐፍ በፒዲኤፍ የሚለቅ ቻናል የደራሲውን እንጀራ ነው የሚበትነው። የቻለ ይግዛ፣ ያልቻለ ተውሶ ያንብብ።

ዳታ ውድ ነው። በትንሽ ፓኬጅ እንዴት መማር ይቻላል?

ዩቲዩብን ጥራቱን ወደ 360 ወይም 240 ዝቅ አድርጉት፤ ንግግር ለመስማት 144ም ይበቃል። የሌሊት ፓኬጅ ከቀኑ ይረክሳል፤ ግን እሱን ብላችሁ ሌሊቱን ሙሉ ስትጎረጉሩ እንዳታድሩ፣ የሚወርደውን አውርዳችሁ ተኙ። በጽሑፍና በድምፅ የሚያስተምሩ የቴሌግራም ቻናሎች ከቪዲዮ በጣም ያነሰ ዳታ ይበላሉ። ጓደኛ ካወረደው ደግሞ በብሉቱዝ ወይም በፋይል ማስተላለፊያ አፕ ያለ ዳታ መቀበል ይቻላል።

በነፃ ተምሬ ሰርተፍኬት የማገኝበት አለ?

አለ። ከተባበሩት ዓረብ ኤምሬትስ ጋር በመተባበር በሐምሌ 2016 ዓ.ም. ይፋ የሆነው የአምስት ሚሊዮን ኮደሮች ፕሮግራም እንደ ፕሮግራሚንግ፣ ዳታ ሳይንስና የአንድሮይድ አፕ ሥራ ያሉ መሠረታዊ ኮርሶችን በኦንላይን በነፃ ይሰጣል፤ ለጨረሰ ሰርተፍኬት አለው። ትምህርቱ በእንግሊዝኛ ነው፤ ቋንቋው ለከበደው ከጓደኛ ጋር መያዝ ይሻላል። ሒሳብና ሳይንስ ለሚፈልግ ካን አካዳሚ ነፃ ነው።

«ሰርተፍኬቱን በዚህ ቁጥር ብር ላኩና እንልክላችኋለን» የሚል ቻናል ግን ወረቀት ሻጭ ነው። ቀጣሪ የሚጠይቃችሁ ምን ሠርታችኋል ብሎ ነው።

አብራኝ የተማረች ልጅ ዱባይ ሆና የምትለጥፈውን ሳይ ተስፋ እቆርጣለሁ። ምን ላድርግ?

እህቴ፣ ይህን የሚጠይቁኝ ብዙ ናቸው፤ አብዛኞቹም እንዳንቺ ሴቶች ናቸው። ከጅማና ከአካባቢዋ ወረዳዎች ወደ ዓረብ ሀገር ያልሄደ ዘመድ የሌለው ቤት ማግኘት ይከብዳል፤ ስለዚህ ስልኩን ከፍቶ ከዚያ ማምለጥም ከባድ ነው።

የምታይው ቪዲዮ የተቀረጸው የዕረፍት ቀኗ ላይ ነው። የሚታየው የገበያ ማዕከሉ፣ መብራቱ፣ ሽቶው ነው። የማይታየው ከንጋት እስከ እኩለ ሌሊት የቆመችበት ኩሽና ነው። የአሠሪዋን ቤት መቅረጽ አትችልም፣ ብትችልም እናቷ እንድታየው አትፈልግም። ሁሉም ይሰቃያሉ ማለቴ አይደለም፤ ቤት የሠሩ፣ ወንድም ያስተማሩ አሉ። ግን የምታይው አንድ ቀን ነው፣ አንቺ የምታወዳድሪው ደግሞ ሰባቱን ቀንሽን ነው።

አንድ ነገር ሞክሪ፦ ቪዲዮዋን ማየት ትተሽ ደውይላት። ኢሞ ላይ አንድ ሰዓት አውሪ። ኮሜንት ላይ «ማሻአላህ፣ ታድለሽ» ከመጻፍ በጣም ይለያል። አንዷ ደንበኛዬ እንዲህ አድርጋ የሰማችው ሌላ ታሪክ ነው፤ ልጅቷ በተራዋ የጅማን ዝናብና የእናቷን ቡና እያየች ስታለቅስ ነበር የከረመችው።

ከዚህ ሁሉ በኋላ መሄድ ከመረጥሽ፣ መንገዱ በሥራና ክህሎት ሚኒስቴር ሥርዓት ተመዝግቦ፣ ፈቃድ ባለው ኤጀንሲ በኩል ነው። ቲክቶክ ኮሜንት ላይ «ቪዛ አለ፣ ኢንቦክስ» የሚል ሰው ከዚህ ውስጥ የለም።

«በስልክህ በቀን ይህን ያህል ብር ሥራ» የሚሉትስ?

ብር አስገብታችሁ፣ ሰው አስገብታችሁ የሚከፍል ከሆነ ይቅርባችሁ። የመጀመሪያዎቹ ሳምንታት ይከፍላል፤ የሚከፍላችሁ ከእናንተ በኋላ የገባው ሰው ብር ነው። ሰው መግባት ሲያቆም አፑ አይከፈትም፣ ግሩፑም ይዘጋል። ያኔ ገንዘቡ ብቻ አይደለም የሚሄደው፤ እናንተን አምኖ የገባው የሰፈር ሰውና የዕቁብ ጓደኛም አብሮ ይሄዳል። ይህ ለብዙ ዓመት ይቆያል።

ስክሪን በመንካት ሳንቲም የሚሰበሰብባቸው የቴሌግራም ጨዋታዎችም ብዙ ሰው አድክመዋል። ሃምስተር ኮምባት ሲሰበሰብ ክረምቱን ሙሉ ስክሪናቸውን የሚያስቀይሩ ልጆች ነበሩኝ፤ እኔ አተረፍኩ ማለት ነው። በመስከረም 2017 ዓ.ም. ቶከኑ፣ ማለትም የጨዋታው ዲጂታል ገንዘብ፣ ሲወጣ ብዙው ሰው የጠበቀውን አላገኘም።

በኤስኤምኤስ የሚመጣላችሁን ኮድ፣ የቴሌብርም ሆነ የባንክ ሚስጥር ቁጥራችሁን ለማንም አትንገሩ፤ «ከድርጅቱ ነው የምንደውለው» ቢልም። ቴሌግራም ላይ ባለ ሁለት ደረጃ ማረጋገጫውን ክፈቱ፣ ስልክ ቁጥራችሁንም ማንም እንዳያይ አድርጉት።

እኔም መለጠፍ እፈልጋለሁ፤ ግን ካሜራ የለኝም፣ ሰው ምን ይለኛል ብዬም እፈራለሁ።

ያላችሁ ስልክ ይበቃል። ሌንሱን በንጹሕ ጨርቅ ጥረጉ፤ «ካሜራዬ ደበዘዘ» ከሚሉት ስንቱ የጣት ቅባት ነው! ጠዋት ወይም ወደ አሥር ሰዓት ገደማ በር ላይ ቁሙ፣ ብርሃኑ ፊታችሁ ላይ ይረፍ። የባጃጅ ጩኸት ከሌለበት ቦታ ሁኑ። ምስል ደብዝዞ ድምፅ ቢጠራ ሰው ይታገሳል፤ ድምፅ ከተበላሸ ግን ያልፋችኋል።

የሰው ወሬ ነገር እውነት ነው፤ ጅማ ትንሽ ከተማ ናት፣ ሁሉም ይተዋወቃል። ለዚህ ነው ፊታችሁን ሳይሆን እጃችሁን እንድትቀርጹ የምመክረው። ሽሩባ ስትሠሩ፣ ሽሮ ስታዘጋጁ፣ ሶፋ ስታለብሱ፣ የሒሳብ ጥያቄ ስትፈቱ። እጅ አያፍርም። ለሰው ለማሳየት ስትዘጋጁ የማታውቁትን ራሳችሁ ታገኙታላችሁ፤ ከመለጠፍ የሚገኘው ትልቁ ትምህርት ለእኔ ይህ ነው። እኔ ስለ ቻርጀር አንድ አጭር ቪዲዮ ልሠራ ተነስቼ፣ የማላውቃቸውን ሁለት ነገሮች ለማጣራት ሌሊቱን ሳነብ አደርኩ።

ጥንቃቄው፦ ሰው ሳታስፈቅዱ አትቅረጹ። በተለይ አረጋውያንን፣ ሕፃናትን፣ ለቅሶ ቤትን። የጥላቻ ንግግርና ሐሰተኛ መረጃን የሚመለከተው አዋጅ ቁጥር 1185/2012 የሚያሠራጨውንም ይመለከታል፤ «ሼር ብቻ ነው ያደረግኩት» ማለት ሁልጊዜ አያድንም። ላይቭ ገብቶ በስድድብ ስጦታ መሰብሰብን በተመለከተ ምንም የምለው የለኝም፤ እናቶቻችን እያዩ ነው።

ልጄ 12ኛ ክፍል ነው፤ ሌሊት ስልክ ላይ ያድራል። ብቀማው ይሻላል?

እማማ፣ ሙሉ በሙሉ ቢቀሙት ከጓደኛው ይዋሳል፣ ያኔ ደግሞ ምን እንደሚያይ እርስዎ አያውቁም። ይልቅ ሌሊት ስልኩ እርስዎ ክፍል ቻርጅ ይደረግ። የእርስዎም አብሮ ይቀመጥ፤ አባትየው ፌስቡክ ላይ እያመሸ ልጁን «ተኛ» ቢለው አይሰማውም።

ቀን ላይ ግን ስልኩ ይጠቅመዋል። የቀደሙ ዓመታት ጥያቄዎች ከነማብራሪያቸው ቴሌግራምና ዩቲዩብ ላይ ሞልተዋል። አንድ ነገር አጥብቀው ይንገሩት፦ «የዘንድሮ ፈተና አለን፣ ብር ላክ» የሚለው ቻናል ሌባ ነው። በ2015 ዓ.ም. ተማሪዎች ለፈተናው ወደ ዩኒቨርሲቲ እየገቡ መፈተን ጀመሩ፣ ስልክ ይዞ መግባትም ክልክል ነው። ታናናሾቹን በተመለከተ፣ ቲክቶክ ከ13 ዓመት በታች ላለ ልጅ እንደማይፈቀድ ብዙ ወላጅ አያውቅም።

በቀን ስንት ሰዓት ይበቃል?

ቁጥር አልሰጥም፤ ስልክ ሥራዬ ስለሆነ ቀኑን ሙሉ እጄ ላይ ነው። አንድሮይድ ስልክ ካላችሁ ሴቲንግ ውስጥ «ዲጂታል ዌልቢይንግ» የሚለውን ክፈቱ፤ ትናንት በየትኛው አፕ ስንት ሰዓት እንዳጠፋችሁ ቁልጭ አድርጎ ያሳያችኋል። ደንበኛ ላይ ስከፍተው መጀመሪያ የሚሰማው ሳቅ ነው፣ ቀጥሎ «ውሸት ነው!» ይባላል። እዚያው ለየአፑ ገደብ ማስቀመጥ ይቻላል።

ኢንተርኔት ሲቋረጥስ?

ይቋረጣል፣ አዲስ ነገር አይደለም። በ2015 ዓ.ም. ከየካቲት እስከ ሐምሌ ፌስቡክ፣ ቲክቶክ፣ ዩቲዩብና ቴሌግራም ያለ ቪፒኤን አይከፈቱም ነበር። ያኔ ያየሁት፣ የሚማሩትን ደብተር ላይ የጻፉ ልጆች ቀጠሉ፤ ስልክ ላይ ብቻ ያስቀመጡት ቆሙ። ሰውም እንዲሁ ነው፦ ግሩፕ ውስጥ የምታውቁትን የጅማ ልጅ በአካል አግኙት። አንድ ዓይነት ነገር የሚማሩ ሦስት አራት ሰዎች ቅዳሜ ቅዳሜ ቡና ቤት ቢገናኙ መብራት ቢጠፋም ይሠራል።

ለመማር ምን ዓይነት ስልክ ይበቃል?

ውድ አያስፈልግም። 4ጂ የሚሠራ፣ ቢያንስ 4 ጊጋ ራምና 64 ጊጋ ሚሞሪ ያለው ይበቃል። አሮጌ ከገዛችሁ *#06# ደውላችሁ የሚመጣውን ኢኤምኢአይ (የስልኩን መለያ) ቁጥር ከካርቶኑ ጋር አመሳክሩ፤ ካርቶኑ ከሌለ ሻጩ ማን እንደሆነ የሚያውቅ ሰው ይኑር። ካሜራውን፣ ድምፁን፣ ቻርጅ መቀበሉን እዚያው ፈትሹ፤ ሲም አስገብታችሁ ደውሉ። የሻጩ ጂሜይል መውጣቱንም እዩ፤ ካልወጣ ስልኩ አንድ ቀን ይቆለፍባችኋል፣ ያኔ እኔም ብዙ ልረዳችሁ አልችልም።